እኩል ሲመጣ ለእንግዳ

ቢተው እውነትን እንደ ፋሲካ በግ አደልቦ ነው የሚያወጣት።

«አቀስታ ላይ አንድ በግ አየሁ» ይላል፤ «ሱፉ ከመብዛቱ የተነሳ ባለቤቱ ፊቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ በጅራቱ በኩል ሲያበላው ኖረ።»

«በጉስ ዝም አለው?»

«ምን ያድርግ፣ የወሎ በግ ነው፤ ይሉኝታ ያዘው።»

የመካነ ሰላም ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። የማትስቅ አንዲት ልጅ ነበረች። አመለወርቅ፣ የባለ ሻይ ቤቱ የጋሽ አምባቸው ልጅ፣ ወሬውን እስከ ጫፉ ታዳምጥና ብርጭቆ እያጠበች አንዲት ጥያቄ ትጥላለች።

«ለምን አልሸለተውም?»

በቃ፤ የቢተው በግ እዚያው ይሞታል።

ቢተው ከአምስተኛ ክፍል ተሰናብቶ፣ በቅሎ እየጫነ በደጎሎና በአቀስታ ገበያ የሚመላለስ ጎረምሳ ነው። ከዚያች ጥያቄ ወዲህ መንገድ ለመንገድ የሚያወጣ የሚያወርደው ሌላ አልነበረም፤ እሷ የማታፈርሰው ውሸት ይፈልግ ነበር። አላገኘም። ባላገኘ ቁጥር ደግሞ ደስ ይለዋል።

ንጉሡ በወረዱ ማግስት፣ በስልሳ ሰባት፣ ዘማች ተማሪዎች ከተማዋን ሞሏት። መለሰ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ከመጻሕፍቱ ጋር ሁለት ዳይስ ይዞ መጣ፤ በስድስት ፊቷ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ የተቆረጠባት፣ የጥርስ ያህል ጠጠር። ጨዋታው የጦርነት ነው። ቢተው ከመረሬ ጭቃ አውራ ጣት የሚያካክሉ ወታደሮች አበጀ፤ የገብስ አገዳ ጦር አስያዛቸው። የሻይ ቤቱ ጠረጴዛ በጠመኔ መስመር ለሁለት ተከፈለ፤ ወዲህ የኔ አገር፣ ወዲያ ያንተ አገር። ሁለት ወታደሮች ሲገናኙ ባለቤቶቻቸው አንዳንድ ዳይስ ይወረውራሉ። ትልቅ ቁጥር ያወጣ የሌላውን ይጥላል።

ክፉው ነገር እኩል ሲመጣ ነው።

«ለተከላካዩ ነው!» አለ መለሰ አንድ ቀን፣ የቢተው ጦር አገሩ ገብቶበት። «ባለበት የቆመው ያሸንፋል። መሬት ላራሹ ነዋ!»

«ይደገም!» አለ ቢተው።

ቢደግሙት አራትና አራት። ቢደግሙት ሁለትና ሁለት። ቢተው በኋላ ሲያወራው «ጀንበር እስክትጠልቅ እኩል መጣ፤ የዳይሱ ነጥብ ተፍቆ አለቀ» ይላል። ብቻ ሊተናነቁ ደርሰው ነበር።

አመለወርቅ ትሪውን አስቀመጠች።

«እኩል ከመጣ ለእንግዳ ነው።»

«የምን እንግዳ?»

«መስመር ተሻግሮ ሰው አገር የገባው ነዋ። ባላገሩ ይልቀቅለት።»

መለሰ ሳቀ። «ጦር ይዞ የመጣ ጠላት እኮ ነው!»

«በስልሳ አምስቱ ችጋር» አለች ዝግ ብላ፣ «በዚህ በር ስንት ሰው ገባ። አንድ ቀን የቀረችን አንዲት እፍኝ ቆሎ ነበረች። እኛም ርቦናል፣ የመጣውም ርቦታል። እማዬ ምን አለች? ‹እኩል ከሆንማ ለመጣው ነው፤ እሱ መንገድም አለበት› አለች።»

እናቷ ይታይሽ በዚያው ዓመት በተስቦ እንደሞቱ ከመለሰ በቀር የማያውቅ አልነበረም። መለሰም ከሰው ፊት ላይ አነበበው። ባላገሩ እሱ ነበርና የገዛ ወታደሩን በእጁ አነሳ፤ ከዚያ ወዲህ የጨዋታው ሕግ ይኸው ሆነ።

ቢተው መቅደላ አምባ ላይ ቆሞ ደመናን ቁልቁል ያየ ሰው ነው። እንደዚያች ሰዓት ግን ከፍ ያለ ነገር ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ከአመለወርቅ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የበግ ወሬ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ዝም ብሎ ሻይ ጠጣ።

«ዛሬም ወሬ የለህም?» አለችው።

«አለኝ።»

«በል።»

«እወድሻለሁ።»

ጥያቄዋን ጠበቀ። አልመጣም።

«ይኼን ምነው ሳታፈርሺው ቀረሽ?»

«የሚፈርስበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ» አለች፤ ብርጭቆዋ እጇ ላይ እንደታጠበች ቀረች።

ቢተው ሽማግሌ ላከ። ጋሽ አምባቸው ከደጅ መለሱት። «በግ በጅራቱ ለሚያበላ ልጄን አልድርም!» አሉ።

ነገር ግን በከተማው ውስጥ ያን ጨዋታ እንደ እሳቸው የሚወድ አልነበረም። ጎረቤታቸው ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ሀጀራ «አላህ ይይልዎ ጋሽ አምባቸው! ልጁን በር ላይ ይከለክሉታል፣ ጠረጴዛ ላይ ይናፍቁታል» ይሏቸዋል።

አንድ ከሰዓት ጠሩት። «ና ግጠመኝ! ካሸነፍክ ሽማግሌዎችህን አስገብቼ እሰማለሁ። ካሸነፍኩህ ግን ደጄን እንዳትረግጥ፤ እሷም ከፋሲካ ማግስት ደሴ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች።»

አመለወርቅ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባዬ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ አልወጣም።»

«አንቺን ማን አወጣሽ? ሽማግሌ ልስማ አልስማ ነው። እሺ እምቢው ያንቺ።»

«እንደሱ ከሆነ ይጫወቱ።»

ጭቃው ወደቀ፣ ጭቃው ተነሳ። ጋሽ አምባቸው ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ በጠረጴዛው ላይ እየተንጠራሩ ተዋጉ። በመጨረሻ ለሁለቱም አንዳንድ ወታደር ቀራቸው፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። ቢተው ወረወረ፤ አምስት። ጋሽ አምባቸው ወረወሩ።

አምስት።

«መስመሩ የታለ?» አሉ አጎንብሰው።

መስመር የለም፤ ጋቢያቸው ጠርጎታል። የትኛው ወታደር ተሻግሮ የትኛው ባለበት እንደቆመ መለሰ አላየ፣ እትዬ ሀጀራ አላዩ። ያየ ቢተው ብቻ ነው። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ፤ በወሎ ቦረና አውራጃ አለ የተባለ ውሸታም። አንዲት ትንሽ ውሸት፣ ሱፍ እንኳ የሌላት፣ ትበቃው ነበር።

አመለወርቅን አያት። ትጠብቀው ነበር።

«የተሻገሩት አንቱ ነዎት ጋሼ» አለ። «እንግዳው አንቱ ነዎት።»

የገዛ ወታደሩን አንስቶ መዳፉ ላይ አስተኛው።

«አሸነፍኩ» አሉ ጋሽ አምባቸው። ድምፃቸው ግን የተረታ ሰው ድምፅ ነበር። ማንንም ሳያዩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ አቀኑ።

«ወዴት ነው አባዬ?» አለች አመለወርቅ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ይስቃል። «እንግዳ እኮ ነዎት። የእማዬን ቆሎ የቀመሰ እንግዳ ዝም ብሎ ወጥቶ ያውቃል?»

ጋሽ አምባቸው ቆሙ። «መርቆ ነው የሚወጣ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ባላገሩን ይመርቁት።»

ምን ያድርጉ? ሕግ ነው፣ ያውም የይታይሽ ሕግ። መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ዕድሜ ይስጥህ።»

«አሚን!» አሉ እትዬ ሀጀራ።

«ጤና ይስጥህ። በቅሎህ አይሰናከልብህ።»

«አሚን!»

ምርቃት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ቁልቁለት ነው፤ ላጤ ጎረምሳ ሲመረቅ የት እንደሚያወርድ ይታወቃል። አሮጌው ምላስ የለመደውን መንገድ ይዞ ወረደ።

«ጎጆ ያውጣህ፤ የልብህን...» ብለው አፋቸውን ያዙ።

«አሚን! አሚን! አሚን!» የሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ተንጫጫ።

«አልጨረስኩም እኮ!»

«ጨርሰዋል» አሉ እትዬ ሀጀራ። «ምርቃት ተመልሶ አፍ አይገባም።»

ጋሽ አምባቸው ልጃቸውን አዩ፤ ይታይሽ ራሳቸው በጓዳው በር ላይ የቆሙ መሰላቸው። ሳቁ።

«እሁድ ይምጡ ሽማግሌዎችህ። ብቻ የአቀስታን በግ እንዳያነሱብኝ!»

እሁድ ሲጠየቁ ልጃቸውን ጠየቁ። «እሺ» አለች፤ ጥያቄም አላስከተለችም።

ጎጆ ወጡ። ሁለቱ የጭቃ ወታደሮች መስኮቱ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመው ቀሩ። ባልና ሚስቱ ነገር ገጥመው፣ ክርክሩ እኩል ሲሆን፣ ቢተው ጋቢውን አንስቶ ይወጣል። ጎረቤት «ዛሬስ ጥሏት ሄደ» ሳይል በፊት በሩ ይንኳኳል። «ማነው?» ሲባል «የእግዜር እንግዳ።» ያን ጊዜ ትለቅለታለች።

አንድ ቀን፣ ዶፍ ሲወርድ፣ እንዲሁ እኩል መጣባቸው። ቢተው ጋቢውን ፍለጋ ዞረ፤ የለም። እሷም የለችም። በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ፤ ሳቅ እያነቀው።

«እንግዳ ናት» አለ የሚወደው ድምፅ። «መንገድም አለባት።»