ሳያብብ የተጎነደለው ኢቢስኩስ

ልደቱ አበባዬን ቆረጠው። ጫፍ ጫፉን ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ከጉልበቴ በታች ጎነደለው። ያውም ሊያብብ ሲል። በዚያው ቀን ደግሞ ሽማግሌ ይዞ መጣ!

«ለአንድ አበባ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» የሚለኝ ስለበዛ ከመጀመሪያው ልናገር።

ጅቡቲ ከተማ፣ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል፣ ከቢሯችን ኤሲ የሚንጠባጠበውን በጀሪካን አጠራቅማለሁ። አንድ ቀን ብቅ ስል አንድ ረጅም ሹፌር ጀሪካኔን ዘቅዝቆ ፊቱን ይታጠባል።

«የማን ውሃ መስሎህ ነው?»

«የእግዜር» አለኝ፣ አገጩ እየተንጠባጠበ። «ያንቺ ነው እንዴ?»

«የአበባዬ ነው!»

«በዚህ ሙቀት አበባ? እህቴ፣ ደህና ነሽ?»

አልሳቅኩም። በሚቀጥለው ጉዞው ግን ከአዳማ የተቀዳ ውሃ በሙሉ ጀሪካን ይዞልኝ መጣ።

«ለአበባሽ ካሳ ነው» አለ። «ፊቴን አልታጠብኩበትም፣ ሙቺ!»

ያኔ ሳቅኩ። ልደቱ ማለት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ወይ ውሃ፣ ወይ ቀይ አፈር ያመጣል። የጓደኞቼ ፍቅረኞች ሽቶ ሲያመጡ የኔው አንድ ጆንያ ፍግ ከመኪናው አወረደ። በዚያ ፍግ ነው የወደድኩት። ሌላ የሚያምር ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

ኢቢስኩስ የሚባለውን ይህን አበባዬን የተከልኩት ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር፣ ከተከራየሁበት ግቢ ነው። ዘግይቶ የሚያብብ ዓይነት ነው። የጎረቤት ቦገንቪላ ሲንቦገቦግ እሱ ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይከርማል። በሙቀቱ ወራት የበረሃ ነፋስ ሲነሳ በጆንያ እጋርደዋለሁ፤ በቅጠሉ ላይ የተጋገረውን አቧራ አጥባለሁ። የሚያብበው ሙቀቱ ረገብ ሲል ጥቅምት አካባቢ ነው። አበባው ጠዋት ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፤ ወደ ማታ ሮዝ ይሆናል ይባላል። ይባላል ያልኩት ስላላየሁት ነው። ሎጂስቲክስ ነው የተማርኩት፤ ስለ አበባ የማውቀውን ያነበብኩት ከስልኬ ላይ ነው።

ልደቱ የሊሙ ቡና ገበሬ ልጅ ነው።

«ትርሲትዬ፣ ይሄ እንጨት ደክሟል» ይለኛል። «እኛ አገር የማያፈራ ቡና ይጎነደላል።»

«ቡና አይደለም።»

«እሺ... አገር ቤት ገብተን የምንጋባው መቼ ነው? እናቴ እኮ ጠበቀች።»

«ሲያብብ!»

በቀልድ ነበር። እውነቱን ነግሬው ነበር፤ ሥራዬን እወዳለሁ፤ በዚያ ሰሞን የክፍሉን ኃላፊነት ሰጥተውኛል። እሱ የሰማው ግን ቀልዱን ብቻ ነው።

ያን ቀን ለምሳ ስገባ አከራዬ ሐምዲያ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ትርሲት፣ ዋላሂ አንቺ ያዘዝሽው መስሎኝ ነው! መጋዝ ይዞ ሲመጣ ሻይ ሁሉ አፈላሁለት!»

ቅርንጫፎቹ ግድግዳው ሥር ተከምረዋል። አንዱን አነሳሁ። ጫፉ ላይ ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል እንቡጥ። ሌላውንም አነሳሁ፤ እንደዚያው። አንደኛው ሰንጠቅ ብሎ ነጩ ይታያል... አላለቀስኩም። እየጮህኩ ገባሁ።

ሳሎን ውስጥ ልደቱና ጋሽ ሙላው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሙላው የሹፌሮቹ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰዋል።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «የቀኑ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም ሳይበተን እንጨርሰው። ወላጆችሽ ሩቅ ስለሆኑ...»

«አበባዬን ማን ቆረጠው?»

ልደቱ ፈገግ አለ። «እኔ ነኝ። ከሥሩ እንደ አዲስ አቆጥቁጦ ያብባል። ለኛ ብዬ ነው፤ አንቺ ሲያብብ እያልሽ...»

«እንቡጥ ይዞ ነበር!»

ፈገግታው ጠፋ። «አላየሁም... እናቴን! እኔ ነኝ እኮ ውሃውን ከአዳማ ድረስ የጫንኩት፤ እያወቅኩ እቆርጠዋለሁ?»

አመንኩት። ይቅር ልለው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ጋሽ ሙላው ነገሩን ሊያበርዱ ገቡ። «ይበቅላል፣ ልጄ! ይልቅ ደስ የሚለውን ንገራት እንጂ፣ ልደቱ። ለአለቃሽም ሄዶ ነግሮልሻል። ልትለቅ ነው፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብሎ።»

ወደ ልደቱ ዞርኩ።

«ምን ብለህ ነገርከው?»

«አንቺን እንዳይከብድሽ ብዬ...»

«ጠየቅከኝ?»

«ትርሲትዬ፣ እሺ ትዪ ነበር።»

«ጠየቅከኝ ወይ ነው ያልኩህ!»

አንገቱን ደፋ። «አትወጂኝም?» አለ።

«እወድሃለሁ። አላገባህም።»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ በንዴት አይወሰንም» አሉ ጋሽ ሙላው።

«ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። በዚህ ወበቅ ኮት ለብሰው መጥተውልኛል። እንቡጡን ሳያይ ነው የቆረጠው። እኔን ግን ፊት ለፊቱ ቆሜ ነው ያላየኝ።»

ልደቱ ብድግ አለ። «አብሬሽ ቢሮ ልሂድ። ተሳስቻለሁ ልበላቸው...»

«አሁንም አንተ ልትናገርልኝ?»

ቦርሳዬን አነሳሁ። ቢሮው ከሰዓት ሲከፈት አለቃዬ ፊት ቀድሜ ተገኝቼ እንደማልለቅ መንገር አለብኝ። ልደቱ ስሜን ጠራ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚወደኝ አድርጎ። እጄ እጀታው ላይ ትንሽ ዘገየ።

ወጣሁ። በሩንም ዘጋሁት።