የሦስቱ አውራጃ ክንድ

የኦርሜል ሐይቅ በጠራራ ፀሐይ እንደ ከሰል ሲጠቁር ያዩ የሠርሜዳ መንግሥት ሽማግሌዎች ፊታቸውን ሸፈኑ። ምልክቱን ያውቁታል። በሐይቁ ሥር የተኛው ዘንዶ ነቅቷል፤ በዘጠነኛው ቀን በጠባቡ ገደል በኩል ወደ ከተሞቹ ይወጣል።

ገደሉን የሚዘጋውን በር ሦስት አውራጃዎች ተከፋፍለው ሠርተውት ነበር፤ አንዱ ሳንቃውን፣ አንዱ መቃኑን፣ አንዱ መወርወሪያውን። ሲገጠም ግን ሳንቃው ከመቃኑ በስንዝር አነሰ፤ መወርወሪያውም ከቀዳዳው ወፍሮ አልገባ አለ። ሁሉም በክንድ ለክተዋል፤ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ክንድ። የመንግሥቱን መለኪያ፣ የናሱን ዘንግ፣ ቀርነብ የተባለው ባለ ክንፍ አንበሳ ከሰረቀው ወዲህ የየአውራጃው አለቃ ትክክለኛው ክንድ የእኔ ነው እያለ ሠላሳ ዓመት አልፏል።

የመቃኑን ጌጥ የቀረጸችው የአናጺ ልጅ ተርሴን ነበረች። ክፍተቱን እንዳየች ወደ ቤተ መንግሥት ሮጠች። በንጉሡ ፊት ቆማ «መለኪያውን ሳላመጣ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ» ስትል ማለች። ሽማግሌው አንጥረኛ ጎልዳም ብቻዋን አልለቃትም ብሎ ተከተላት።

ሦስት ቀን በአመድ ሜዳ ተጓዙ። ተርሴን በየጥቂቱ ዞር እያለች ሐይቁን ታያለች፤ ጥቁረቱ ወደ ዳር እየሰፋ ነው። ጎልዳ ብይ ቢላትም ስንቋን ሳትነካ መንገዱን ቀጠለች።

ቀርነብን በዋሻው አፍ ተጋድሞ አገኙት። ዘንጉን ከበላው መቆየቱን ነገራቸው።

«የቀድሞው ዘንግም የሰው ክንድ ነበረ» አለ አውሬው። «ወዶ የሰጠኝን ሰው ክንድ ናስ አደርገዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አያጥርም፣ አይረዝምም።»

ጎልዳ ቀድሞ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ግን በልጅነቱ ተሰብሮ ጠሞ የገጠመ ነበርና ቀርነብ አሽትቶ ተወው። ተርሴን ግራዋን ዘረጋች።

«የምትሠሪበትን» አላት አውሬው።

የቀሩትን ቀናት በልቧ ቆጠረች። ከዚያ ቀኟን ዘረጋች። «አባባ፣ ትከሻዬን ይያዙኝ» አለችው ጎልዳን።

የአውሬው ትንፋሽ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ወረደ፤ ክንዷም ቀዝቅዞ ናስ ሆነ። ያለቀሰው ጎልዳ ነው።

በሰባተኛው ቀን ሲደርሱ አለቆቹ አሁንም ሊከራከሩ ቃጡ። ተርሴን የናስ ክንዷን ሳንቃው ላይ አጋደመችው።

«በዚህ ለኩ» አለች። «የእናንተ አይደለም። የእኔም አይደለም፤ ለሁላችሁ ሰጥቼዋለሁ።»

አለቆቹ ሠራተኞቻቸውን ጠሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመጋዙ ወደ ምድጃው እየተጠራች ክንዷን ስታበድር ቁጭ አላለችም። በዘጠነኛው ቀን ውሃው እያጓራ ሲነሣ መወርወሪያው በአንድ ግፊት ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ዘንዶው በሩን ሦስት ጊዜ መታ። ገደሉ ተናወጠ፤ ተርሴን መጋጠሚያውን አየች። ጠብታ እንኳ አላለፈም። በሦስተኛው ዘንዶው አቃስቶ ወደ ጥልቁ ተመለሰ።

ከተማው ሲጨፍር እሷ ወደ አባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ሄደች። አባቷ መሮውን በግራ እጇ አስያዛት። የመጀመሪያው መስመር ተንጋደደ። ሳንቃውን ገለበጠችና እንደገና ጀመረች።