ከፋይሉ አናት የተጠረገው ስም

ጃትሚኮን የተዋወቅኩት ባሕሩ የወደብ ከተማችንን ሰማራንግን ባጥለቀለቀበት አንድ ከሰዓት፣ ሶቶ የምንለው የዶሮ ሾርባ በሚሸጥበት ቤት ውስጥ እግሬን አግዳሚው ላይ ሰቅዬ ሾርባዬን ስጠጣ ነው። ኮምፒውተሬን አየና «ይሄን የባሕር ሙላት መተንበያ ፕሮግራም እኮ እኔም እጠቀምበታለሁ!» አለኝ። የጻፍነው እኔና ወንድሜ መሆናችንን ስነግረው ማንኪያውን ረሳው። ወንድሜ ቲርቶ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ስሙን ሳላለቅስ የጠራሁት ያን ቀን ነው።

ስምንት ወር ተዋደድን። ደክሞኝ ስመጣ ዝም ብሎ አጠገቤ መቀመጥ ያውቅበታል።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ለአንድ የመርከብ ድርጅት የሸጠውን ፕሮግራም በኩራት ከፍቶ አሳየኝ። የእኛው ነው። ከየፋይሉ አናት ላይ ግን ስማችን የለም፤ የአጠቃቀም ፈቃዱን የያዘው ጽሑፍም የለም።

«ማን አነሳው?»

«እኔ። ከማስረከባችን በፊት እኮ ፋይል እንጠርጋለን። ምነው? ለሕዝብ ለቃችሁት የለ እንዴ?»

«ፈቀድን እንጂ አልጣልነውም! የቅጂ መብቱ የእኛ ነው። ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ሽጡ፤ ስማችንንና ፈቃዱን ግን አትንኩ ብለናል።»

«ወኒ፣ እኔ ነፃ ሲባል ባለቤት የሌለው መስሎኝ...»

«ፈቃዱን አንብበኸዋል?»

ኮምፒውተሩን ከደነው። በእኛ ሙያ ሁሉም ሳያነብ «ተስማምቻለሁ» የምትለውን ተጭኖ ያልፋል።

በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ የጥሰት ማስታወቂያ ላክሁና ስልኬን ዘጋሁ። ይህንኑ ለማላውቃቸው ሰዎች ስድስት ዓመት ሳስረዳ ኖሬአለሁ፤ ለምወደው ሰው ማስረዳት ግን አቃተኝ። መቆጣቱም ደከመኝ። ጠላሁት፣ ናፈቀኝ፣ እንደገና ጠላሁት።

ከሳምንታት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ጃትሚኮ ነው፤ ከስቷል።

«አለቃዬን ስለምነው ከረምኩ። ስማችሁ ተመልሷል፣ ደንበኛውም ፈቃዱ ደርሶታል።»

«ጥሩ።»

«ፈቃዱንም አነበብኩት፤ እስከ መጨረሻው። ጥፋቱ የመጀመሪያ ከሆነና ማስታወቂያው በደረሰ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከታረመ፣ ላጠፋው ሰው መብቱ ይመለስለታል ይላል። ዛሬ ሃያ ስምንተኛው ቀን ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ያ አንቀጽ ያለበትን ፈቃድ የመረጠው ቲርቶ ነበር። እኔ «አጉል ደግነት ነው» ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ጨቅጭቄዋለሁ።

«ያ አንቀጽ የሚሠራው ለፕሮግራም ነው» አልኩት።

«ለእኔስ?»

በሩን ሳልዘጋው ወደ ውስጥ ገባሁ። ተከትሎኝ ለመግባት ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ሰማሁት።