ባዶው ጉርሻ

ጠሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ሲያፏጩ ፋሮዎቹ ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ለቁርስ ይሰለፋሉ። የሰገነት ከተማ ነዋሪዎች ይህን ከመስታወት ጣሪያቸው ሥር ሆነው ማየት ከለመዱ ቆይተዋል። ፋሮ እባብና አይጥ እያደነች የምትኖር፣ ጭራዋ ረጅም የሆነ ትንሽ አውሬ ናት። በዚያ ቆላ የእብድ ውሻ በሽታን ከውሻ ይልቅ እሷ ታዛምት ነበር። ጠሪ የሚሏት ደግሞ ቁመቷ ከጉልበት የማያልፍ ማሽን ስትሆን፣ ፋሮዎቹን በፉጨት ትጠራና ክትባት የተደበቀበት የዓሣ ጉርሻ ትጥልላቸዋለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ራኬብ ያን ቀን ከከተማው ወጥታ ወደ ኦቦ ቦሩ በረት የሄደችው ላማቸው ታንቃለች ተብላ ነው።

"አጥንት ውጣ መስሎኝ እጄን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትቼ ፈለግኩ" አሏት ሽማግሌው። "ምንም የለም።"

ላሟ አንገቷን ዘርግታ በሰለለ ድምፅ ትጮኻለች። ለሃጯ ይዝረበረባል። ውሃ ቢቀርብላትም መዋጥ አልቻለችም። ራኬብ የቦሩን እጅ አየችው፤ ጣቶቻቸው በጥርስ ተቧጭረዋል።

"አውሬ ነክሷት ነበር?"

"ከወር በፊት አንዲት ፋሮ በጠራራ ፀሐይ ገብታ አፍንጫዋን ነከሰቻት። እኔም ቀድሜ አላባረርኳትም። 'ቢቀርቧችሁ አትፍሩ፣ የተከተቡ ናቸው' ብለሽን የለ?"

ብላ ነበር። በየመንደሩ እየዞረች የተናገረችው ይህንኑ ነው።

እጃቸውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ደጋግማ አጠበችላቸው። የላሟን ወተት ማንም እንዳይነካ አስጠንቅቃ፣ ከበረቱ ጀርባ ወዳለችው ጠሪ ሄደች። ተበላሽታ ይሆናል ብላ ከፈተቻት። ፉጨቱ ይሠራል፣ ጉርሻ መጣያዋም ይሠራል። አንድ ጉርሻ አንስታ በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ክትባቱን የሚይዘው ቀጭን ከረጢት የለም። ሌላም ፈለቀቀች። የዓሣ ዱቄት ብቻ ነው።

ለሉልሰገድ ደወለች። የክትባቱ ሥራ ኃላፊ ነው። አብረው ተምረዋል፣ የመጀመሪያዋን ጠሪም የሠሯት አብረው ነው።

"ሉሌ፣ ጉርሻው ባዶ ነው።"

"ክትባቱ የሚመረትበት ክፍል ከተበከለ ቆይቷል" አለ። "ፉጨቱን ካቆምነው ፋሮዎቹ መምጣቱን ይረሳሉ፣ ከተማውም ይሸበራል። እስኪጠገን ብዬ ነው።"

"ለእኔስ ለምን ደበቅከኝ?"

"ብታውቂ ትናገሪ ነበር። ሰዉ ደግሞ የሚያምነው አንቺን ነው።"

ስልኩን ዘጋችው። ማሽኗ የታዘዘችውን ሁሉ ሳታጎድል ሠርታለች። የዋሸችው ራኬብ ናት፤ ሳታውቅ፣ በገዛ አንደበቷ።

ሽማግሌውን ልታስከትባቸው ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ በመንገድ ላይ ለቦሩ ሁሉንም ነገረቻቸው። አቋርጠው አልጠየቋትም፣ አልተቆጧትምም። ክሊኒኩ ደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን መርፌ ስታነሳ ግን ክንዳቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

"ይሄኛውስ" አሏት፣ "ውስጡ አለ?"

"አለ፣ ኦቦ ቦሩ።"

ድምፅዋ ያኔ በመንደሩ የተናገረችበት ያው ድምፅ ነበር። ሌላ ድምፅ ፈለገች፤ አልነበራትም።

ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ክንዳቸውን ሰጧት።