ለምድጃው የቀረበው ክፍል

ቦንግ ጂሆ የሞተው ለእሱ በማይገባ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነው። የምድጃው የከሰል ጭስ በወለሉ ስር አልፎ፣ ቤቱን አሙቆ መውጣት ሲገባው፣ በስንጥቅ ሾልኮ ክፍሉን ሞላው። ጠዋት ሊቀሰቅሱት ሲገቡ ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ ነበር።

የመንደሩ ፖሊስ ጥፋተኛ ለማግኘት አልተቸገረም። በየመኸሩ ወለሉን በጭቃ ደፍነው ዘይት የጠጣ ወረቀት የሚለጥፉበት የቤቱ ባለቤት እማማ ኦክ ናቸው። ዘንድሮ ረስተዋል ተባለ።

ከከተማ የተላከችው መርማሪ ሶክ ናሬ ፍራሹን ገልጣ ወለሉን በጣቷ ዳሰሰች። ወረቀቱ በስለት ተቆርጧል።

«እማማ፣ ዘንድሮ ደፍነውታል?»

«የደፈንኩ ይመስለኛል፣ ልጄ። ግን ምኔ ይታመናል? ትናንት የበላሁትን አላስታውስም።» የመርማሪዋን ክንድ ያዙ። «ልጁን የገደልኩት እኔ ከሆንኩ ንገሪኝ። እስሩን አልፈራም፤ አለማወቁ ነው የከበደኝ።»

ዶክተር ታክ ግቢው ውስጥ ቆማለች። እሷ፣ ሟቹ ተማሪና አለቃቸው ፕሮፌሰር ናም የብረት ማቅለጫው አቧራ የመንደሩን ሰው አእምሮ ጎድቶ እንደሆነ ያጠናሉ፤ በመጡ ቁጥር የሚያርፉትም እዚህ ነው።

«ጂሆ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?» አለች ናሬ።

«ጠብ አይባልም። የጥናቱ ውጤት ተነካክቷል፣ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ ይል ነበር።»

«ይህን የነገረው ለማን ነው?»

«ለእኔ። ለፕሮፌሰሩም።»

«አንቺስ የት አደርሽ?»

«ከእማማ ጋር። ማንኮራፋታቸው እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው ያደረው፤ ጠይቂያቸው።»

«ጥሩ ምስክር መርጠሻል» አለቻት ናሬ።

ከዚያ እማማን፣ ዶክተር ታክንና ፕሮፌሰሩን ሟቹ ያደረበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ለምድጃው የቀረበ ክፍል ይበልጥ ስለሚሞቅ የታላቅ ነው። እዚህ ቤት ሁልጊዜ የእርስዎ ነበር። ለምን ለተማሪ ለቀቁ?»

«እዚህ ከደረስን በኋላ ጉንፋን ያዘው፤ አሳዘነኝ። ደግነት ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። እርስዎስ?»

«ዳር ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ተኛሁ።»

«ከሻንጣዎ ባወጡት የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ። ወለሉ በሚሞቅ ቤት ለሚያድር ሰው እሱ ምን ያደርግለታል? ጉንፋኑ የጀመረው እዚህ ነው፤ ሻንጣዎ የታሸገው ግን ከመምጣትዎ በፊት ሴኡል ነው። ልጁ ባያመውም ሌላ ሰበብ ይፈልጉ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ። «ሽማግሌ ነኝ፣ ይበርደኛል። ይልቅ ሴትዮዋን ጠይቂ። አእምሮዋ አልቋል፤ ረስታው ነው።»

«ለፖሊስም እንደዚሁ ብለዋል። ባሳተሙት ጥናት ግን የዚህ መንደር ሰው የማስታወስ ችሎታ ጤናማ ነው ይላሉ፤ እማማም ከተመረመሩት አንዷ ናቸው። የቱ ነው ውሸቱ?»

ፕሮፌሰሩ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ጂሆ ሊናገር የነበረው ይህንኑ ነው» አለች ናሬ። «ክፍሉን ሲለቁለት ታላቅን እምቢ ማለት ነውር ነውና ገባ። ክፍሉ እንደሚለወጥ አስቀድሞ የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር የለም። ፍራሹ ከሚነጠፍበት ቦታ ስር ወረቀቱን ቆርጠው ጭቃውን ፈለፈሉ። ከስንጥቁ ዳር የቀረው ጭቃ ጭዱ ገና ቢጫ ነው፤ የዘንድሮ ነው። እማማ አልረሱም።»

እማማ ኦክ ወደ ዶክተር ታክ ዞሩ። «እንግዲያ እውነተኛው ውጤቴ ምን ነበር?»

ታክ አቀረቀረች። «መጥፎ ነው፣ እማማ። ከዓመት ዓመት እየባሰ ሄዷል።»

«ወለሉን ግን ደፍኛለሁ።»

«ደፍነዋል።»

እማማ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ፕሮፌሰሩን ቀና ብለው አላዩዋቸውም።

«ለልጁ እናት እኔ ልደውልላት» አሉ፤ «ሳልረሳው።»

ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።