የመሳፍንት ስለት

«እስቲ ዘርጋው፣ ልየው» አለች የብርጓል።

ሚንሃጅ ጥላውን ዘረጋው። ቢጫ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል፤ አናቱ ላይ ትንሽ መስቀል አለችው። ድሮም ጠባብ የነበረችው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በጥላው ተሞላች። የሚንሃጅ አባት ጋሽ ሙሐመድሳኒ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ፈገግ አሉ። ጥላውን መርካቶ ባለው ወንድማቸው በኩል ያስመጡት እሳቸው ናቸው።

«ይኸው እንዳሉት ቢጫ ነው፣ እትዬ የብርጓል። ቀይና ሰማያዊ ሞልቷል፤ ቢጫ ግን ወንድሜን ስንት ሱቅ አዙሮታል።»

«ቢጫ ነው መሆን ያለበት። የልጄ ቡድን ማሊያ ቢጫ ነው» አለች የብርጓል። ከፋዩን በመዳፏ ዳበሰችው። ከሐምሌ ጀምሮ ጥቁር እንደለበሰች ናት። «አምዴ፣ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለ ታናሽ ልጇ አምደሚካኤል።

«ዘርፉ አልበዛም?»

«እንደፈለግሽ።»

ሚንሃጅ የጥላውን እጀታ ይዞ መሬት መሬቱን ያያል። ጥላ ሳይሆን የድንጋይ ወፍጮ ያሸከሙት ነው የሚመስለው። አምደሚካኤል ለምን አንገቱን እንደደፋ ያውቃል። ቡድኑ፣ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ፣ የጀርመን ሊግን ዋንጫ አልወሰደም። በዚያች ሱቅ ውስጥ ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው። ሚንሃጅ ደግሞ ምስጢሩን የያዘው ብቻውን ይመስለዋል።

ፋሲካ ትናንት አልፏል፤ የማርቆስ ንግሥ ከነገ ወዲያ ነው። የብርጓል በዚያ ቀን ይህን ጥላ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች።

ነገሩ የጀመረው በመሳፍንት ነው። መሳፍንት የአምደሚካኤል ታላቅ ወንድም፣ የአይሱዙ ረዳት ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኳስ የሚወድ ጎረምሳ ሁሉ ወይ አርሴናል ነው ወይ ማንቼ። መሳፍንት ግን ሰው በሄደበት መሄድ አይሆንለትምና ዶርትሙንድን ያዘ። ታናሽ ወንድሙንም ገና ፊደል ሳይለይ ወደዚያው ጎተተው። ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ በሊጉ የመጨረሻ ቀን፣ ዶርትሙንድ በሜዳው ማይንዝን ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው ተባለ። መሳፍንት ዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ላይ ወጥቶ፣ «ማርቆስ! ዛሬን ብቻ! ከወሰዱልኝ ለንግሥህ ጥላ አስገባለሁ!» ብሎ ተሳለ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጨዋታው ሁለት ለሁለት አለቀ። መሳፍንት ይሳቅ ያልቅስ ሳይለይለት ቤት ገብቶ ለእናቱ ነገራት።

«በኳስ ይሳላሉ? አታፍርም?» አለችው።

«ምን አለበት? ስለቴን አላነሳሁም። በወሰዱበት ዓመት አገባለታለሁ።»

በሐምሌ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ፣ የመኪናው ፍሬን እምቢ አለ።

አምደሚካኤል አላለቀሰም። ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ሲያቀብልና ውሃ ሲያመላልስ ዋለ። ለቀስተኞቹ፣ «ይህን ልጅ አስለቅሱት፤ ይውጣለት» ይባባሉ ነበር። የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆኖ፣ ቢነኩት አይሰማውም። ምግቡን ይበላል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ለሚጠይቁት ሁሉ «እሺ» ወይም «እንደፈለጋችሁ» ይላል። በዚሁ ወራት አለፉ።

ነሐሴ ላይ የጀርመን ሊግ ሲጀመር አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ከተማው ውስጥ የሞባይል ዳታ አልነበረም። ዲኤስቲቪ ቤቶቹም በሰዓት እላፊ ምክንያት በጊዜ ይዘጋሉ፤ ክፍት በሆኑበት ሰዓት የሚያሳዩት ደግሞ እንግሊዝን ነው። የቀረው መንገድ የሚንሃጅ አጎት ብቻ ነበር። አጎትየው ቅዳሜ ማታ ስለ ዕቃ ሊነጋገር ለጋሽ ሙሐመድሳኒ ይደውላል፤ ሚንሃጅ ስልኩን ለአንድ አፍታ ይነጥቅና ውጤቱን ይጠይቃል። እሑድ ረፋድ ላይ እነ አምደሚካኤል ቤት ብቅ ሲል ደግሞ የብርጓል በር ላይ ትቀበለዋለች።

«የመሳፍንት ልጆች ስንት ለስንት ወጡ?»

«ሦስት ለአንድ፣ እትዬ። አሸነፉ።»

«ማንን?»

«ሆፈንሃይምን።»

«ሆፈን ማንን?» ትልና ወደ ልጇ ትዞራለች። አምደሚካኤል ያኔ አፉን ይከፍታል፤ ሆፈንሃይም ማን እንደሆነ፣ ዶርትሙንድ ስንተኛ እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ ከማን ጋር እንደሆነ ይነግራታል። በሳምንት ውስጥ ረዘም አድርጎ የሚያወራው ይህን ብቻ ነበር።

በሚንሃጅ ወሬ ዶርትሙንድ ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባም አሸነፈ፤ ታኅሣሥንም አሸነፈ። በጥምቀት ሰሞን ሊጉን መምራት ጀመረ። የብርጓልም፣ «ከወሰዱማ የልጄን ስለት እኔ አገባለሁ» አለች። ሚያዝያ ላይ ሚንሃጅ እያላበው መጥቶ፣ ዶርትሙንድ ገና አምስት ጨዋታ እየቀረው ዋንጫውን ማረጋገጡን ተናገረ። የብርጓል ያን ቀን እልል አለች። ጥቁር ለብሳ እልል ስትል ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ ደንግጣ ከቤቷ ወጣች።

በዚያው ሳምንት አምደሚካኤል ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ጋዜጠኛው ባየር ሌቨርኩሰን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ በታሪኩ የመጀመሪያውን የጀርመን ሊግ ዋንጫ መውሰዱን ያወራል። ዶርትሙንድ አምስተኛ ነው። ሾፌሩ፣ «ወይ ጉድ፣ አንድም ሳይሸነፉ!» ብሎ በመስታወቱ አየው። አምደሚካኤል፣ «እሺ» አለና ፌርማታው ላይ ወረደ። መናደድ ነበረበት፤ አልተናደደም። ቤቱ ገብቶ የቤት ሥራውን ሠራ። ለእናቱም ለሚንሃጅም ምንም ሳይናገር ሁለት ሳምንት አለፈ፤ አሁን ጥላው መጣ።

የብርጓል ጥላውን በነጭ ጨርቅ አስጠቅልላ ለልጇ ካሸከመች በኋላ ሻማ ልትገዛ ወደ ማዶ ተሻገረች። ሚንሃጅ ተከትሎት ወጣ።

«አምዴ፣ አንዴ ስማኝ። የምነግርህ ነገር አለ።»

«ነቄ ነኝ» አለ አምደሚካኤል። «የወሰደው ሌቨርኩሰን ነው።»

ሚንሃጅ ክው አለ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በፊት። ሬዲዮ ላይ ሰማሁ።»

«እና ዝም አልክ? አትሰድበኝም? አንድ ቡጢ አታቀምሰኝም? ምን ዓይነት ሰው ነህ አቦ!»

«እንጃ።»

ሚንሃጅ የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። «የመሳፍንት የሰማንያ ቀን ተዝካር ሰሞን ባየርን ሙኒክ አሸነፋቸው። እውነቱን ልነግርህ ነበር የመጣሁት፣ ወላሂ። እናትህ በር ላይ ቆማ ስትጠይቀኝ ግን ፊቷን አየሁት፤ ‹አሸነፉ› ብዬ አረፍኩ። በሚቀጥለው እሑድ አስተካክላለሁ ብዬ ነበር።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሚንሃጅ ግን እያደር ከበደ፤ ከየሳምንቱ ጋር አዲስ ውጤት መፍጠር፣ የፈጠረውንም አለመርሳት ነበረበት። በመጨረሻ ሲደክመው፣ አጎቱ ስለ ሌቨርኩሰን የነገረውን ዜና እንዳለ ወስዶ ስሙን ብቻ ለወጠው።

«ስጀምረው ጥላ የሚባል ነገር ይመጣል ብዬ በየት በኩል ላስብ?» አለ። «እባክህ አትንገራት። ከሰማች አባቴ ይሰማል። ደግሞ ደስ ብሏታል፤ ብታስገባው ማን ይጎዳል?»

አምደሚካኤል ባየርን ስንት እንዳገባ እንኳ አልጠየቀም። ጥላውን ትከሻው ላይ አደላድሎ እናቱን ተከትሎ ሄደ። ማን ይጎዳል የሚለው ጥያቄ ግን አብሮት ሄደ።

በማግሥቱ ዋዜማ ነው። ከሰዓት በኋላ የብርጓል ነጠላዋን እየተኮሰች ከማንጠግቦሽ ጋር ታወራ ነበር፤ አምደሚካኤል በሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። ነገ ከጎኗ ሆና እልል የምትልላት እሷ ናት።

«ካህኑ በድምፅ ማጉያ ይናገሩልሻል አይደል?» አለች ማንጠግቦሽ።

«አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ። ‹መሳፍንት ለቡድኑ የተሳለው ሰምሮለት እናቱ ጥላ አስገብታለች› ይላሉ። ስሙ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ይጠራል።»

ማንጠግቦሽ ወጥታ ስትሄድ አምደሚካኤል ባለበት ቆሞ ቀረ። ነገ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ እነማን እንደሚቆሙ ታየው፤ የዲኤስቲቪ ቤቱ ጎረምሶች፣ ያን ቀን አግዳሚው ሥር ሆነው የሳቁት በሙሉ። ሁሉም ሬዲዮ ይሰማሉ። ካህኑ የመሳፍንትን ስም ሲጠሩ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይነካል። ይስቃሉ። የሚስቁትም በእናቱና በሞተ ወንድሙ ነው።

«እማ» አለ።

«ወዬ።»

«ዶርትሙንድ አልወሰደም።»

ካውያው ነጠላው ላይ ቆመ። የብርጓል ቶሎ አነሳችው። «ምን አልክ?»

«ዋንጫውን ሌሎች ናቸው የወሰዱት። የእኛዎቹ አምስተኛ ናቸው። ሚንሃጅ የዋሸን ክፉ ነገር ላለመናገር ብሎ ነው። እኔም ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ዝም አልኩ።»

እናቱ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትጮህ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም።

«ለምን ዝም አልክ?»

«አላውቅም። ምንም አልመሰለኝም። ምንም ነገር ምንም አይመስለኝም፣ እማ።»

ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። የብርጓል ወደ እሱ ዞረች።

«ይታወቀኛል» አለች። «እኔ ኳሱን ምኑን አውቀዋለሁ? ሆፈን ምንትስን ምን አውቅልሃለሁ? ከእሑድ እስከ እሑድ አንዲት ቃል አትወጣህም ነበር። ያን ስጠይቅህ ግን ታወራለህ። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው የምጠይቅህ።»

አምደሚካኤል አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱም ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ጥቅል ያያሉ።

«ታስገቢዋለሽ?» አላት በመጨረሻ።

«እሱ የተሳለው ከወሰዱ ነው። ካልወሰዱ አልወሰዱም። ቅዱስ ማርቆስን በሰው ዋንጫ አልሸነግለውም» አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ካህኑን እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ ጥላውን ለጋሽ ሙሐመድሳኒ መልስላቸው። ያንን ልጅ እንዳታዋርደው ደግሞ።»

መንገዱ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ተሞልቷል። ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ አምደሚካኤል ብቻ ጥላ ተሸክሞ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ መንገዱ በዚህ ነው» ብለው ወደ ኋላ ጠቆሙት። «አውቃለሁ አባቴ» ብሏቸው አለፈ።

ጋሽ ሙሐመድሳኒ ጥቅሉን ሲያዩ ግራ ተጋቡ። «ምነው ልጄ? ጉድለት ተገኘበት?»

ከጣቃዎቹ ኋላ የነበረው ሚንሃጅ ደርቆ ቀረ። አምደሚካኤል አየው። አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ልጁ ማታ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

«ጉድለት የለበትም፣ ጋሼ። የስለቱ ጊዜ ገና አልደረሰም። እማዬ መልስላቸው ብላኝ ነው።»

«የእምነት ነገር አይቸኮልበትም» አሉ ጋሽ ሙሐመድሳኒ፤ ጥላውን ተቀብለው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። «እዚሁ ይቀመጥላታል። ለሰው አልሸጠውም በላት።»

አምደሚካኤል ወጥቶ ወደ ቤቱ ሊያመራ ነበር፤ እግሩ ደረጃው ላይ ቆመ። ሚንሃጅ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እሱም ተቀመጠ።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት። ክፉ አልወጣትም።» ወደ ሚንሃጅ ዞረ። «ያን ቀን ባየርን ስንት አገባብን?»

ሚንሃጅ አንገቱን አከከ። «አራት።»

«እኛስ?»

«ባዶ።»

«የት?»

«እዚያው ዶርትሙንድ።»

«በሜዳችን? አራት ለባዶ በሜዳችን?» ሲያልፉ የነበሩ ሴቶች ዞረው አዩት። አምደሚካኤል ጆሮው ሲግል ተሰማው። ተናደደ። «ተከላካዮቹ ምን ይሠሩ ነበር? ተኝተው ነበር? እኮ ንገረኛ!»

«እኔ ላይ ለምን ትጮሃለህ? እኔ ነኝ ያገባሁት?»

«ቀጥሎስ ከማን ጋር ነበር?»

«ስቱትጋርት።»

«አሸነፍን?»

ሚንሃጅ ፊቱን እያየ አመነታ። አምደሚካኤል ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ግን አላዞረውም።

«እውነቱን ንገረኝ» አለ። «ከዚያ ጀምረህ አንድ በአንድ፣ እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ። የተሸነፍነውን አትዝለል።»

«ሁለት ለአንድ ተሸነፍን» አለ ሚንሃጅ።

«እሺ፣ ቀጥል።»