ክዳኑ ክፍት ሳለ

አምሐን ያወቅሁት በ1974 ዓ.ም. ጣና ዳር ነው። ብቻዬን ስሄድ፣ ድንጋይ ሥር ያጎነበሰ ሰው «እህት፣ እዚያው ቁሚ!» አለኝ።

ቆምሁ። ከእግሬ ፊት መዳፍ የምታክል ጠጉራም ሸረሪት ነበረች። ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን ደፋባት፤ ካርቶን ከሥሯ አንሸራተተ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

በማግሥቱ ለማስተማር አዲስ በተመደብሁበት ትምህርት ቤት አገኘሁት። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር።

ክረምት ላይ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ ሲላክ፣ ሸረሪቷን ከነመስታወት ሳጥኗና ከነሳህኑ ለእኔ ተወ።

«እሜቴ ትባላለች» አለኝ ወደብ ላይ። «አፈሩ አንድ ስንዝር ይሁን፣ ጉድጓድ ትቆፍራለች። ውኃ በቆርኪ፣ በሳምንት አንድ ፌንጣ። በእጅሽ አትንኪያት፤ ንክሻዋ አይገድልም፣ ግን ያማል። ሩጫዋ ደግሞ ከዓይን ይፈጥናል።»

«ካመለጠችስ?»

«አታሳድጃት። እስክትቆም ጠብቂና ሳህኑን ድፊባት።» «ከሁሉ በላይ፣ ክዳኑ ክፍት ሳለ ሌላ ነገር አታስቢ።»

ያ ሌላ ነገር እሱ ራሱ መሆኑን አልነገርሁትም።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ እሑድ ጓዳ ሆኜ ለእሜቴ ውኃ ስሞላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ተቀመጡ አሏቸው።

«ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ የአምሐ አጎት ጋሽ አስናቀ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። «ለልጃችን ለአምሐ ፅጌ ማርያምን ፈልገን ነው።»

ስሙን ስሰማ ክዳኑን ረሳሁት። መጋረጃው ጋ ተጠግቼ አዳመጥሁ።

«ለማላውቀው ሰው?» አሉ አባቴ። «አስተማሪ መሆኑን ሰምቻለሁ። ጠባዩንስ ማን ይነግረኛል? የዛሬ ወጣት ችኩል ነው። አይሆንም።»

ዓይኔን ወደ መሬት ስጥል፣ እሜቴ በእግሬ አጠገብ ሽው ብላ በመጋረጃው ሥር ወጣች።

«ያ ረቢ!» የሚለው የሌላው ሽማግሌ የሐጂ ሙሔ ድምፅ ተሰማ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሳህንና ካርቶን ይዤ ብቅ ስል፣ ሦስቱም ሽማግሌዎች ልብሳቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ወጥተው ቆመዋል። ሐጂ ሙሔ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አባቴ ብቻ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ እሜቴ ከእግራቸው አንድ እርምጃ ርቃለች። መቋሚያቸውን አንሥተዋል።

«አባባ፣ አይምቷት! እግርዎንም አያንቀሳቅሱ!»

በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። መቋሚያው አየር ላይ ቀረ።

እሜቴ ሮጠች፤ አልተከተልኋትም። ግድግዳውን ይዛ ዞረች፣ ከበርሜሉ ሥር ደረሰች፣ ቆመች። ያኔ ሳህኑን ደፋሁ፣ ካርቶኑን አንሸራተትሁ። ጓዳ ገብቼ ሳጥኗ ውስጥ መለስኋትና ክዳኑን ሁለት ጊዜ ተጭኜ አየሁት።

አባቴ ጠሩኝ። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

መሬት መሬት እያየሁ «አምሐ» አልሁ።

«ምን ብሎ?»

«አታሳድጃት፣ እስክትቆም ጠብቂ፣ በእጅሽ አትንኪያት ብሎ።»

መቋሚያቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው መደቡን ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አንቀመጥም ያላችሁት፣ መደብ ላይ ልትቆሙ ኖሯል?»

«መሪጌታ፣ ያቺ ነገር ከተዘጋባት እንወርዳለን» አሉ ሐጂ ሙሔ።

«ተዘግቶባታል፤ ውረዱ። ሰውየውንም አሁን ትንሽ አወቅሁት። መጠበቅ የሚያውቅ ከሆነ እስከ ጥር ይጠብቅ።» መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «በሉ፣ ተቀመጡ።»

ጓዳ ገብቼ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አልሁ።

መስከረም ላይ ጀልባዋ ወደብ ስትጠጋ፣ አምሐ ገና ሳይወርድ «እሜቴ አምልጣብሽ ነበር አሉ!» አለኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ክዳኑ ክፍት ሳለ ምን እያሰብሽ ነበር?»

ቀና ብዬ አየሁት፤ በዚያን ቀን ዓይኔን አልሰበርሁም።